ግርጌው ሳይጠጣ

የጌጤነሽ ጨጓራ ቁርሱን ፈጭቶ እንደጨረሰ፣ ተጨማሪ ወስዶት የነበረውን ደም ለኩላሊቶቿ ለቀቀ። ትርንጎ ይህን በመከታተያ ሰሌዳዋ ላይ አየችና ሻይዋን ፉት አለች። የሚያስገርም ነገር አልነበረውም። ጨጓራ ከቁርስ በኋላ ይወስዳል፣ ሲበቃው ይለቃል፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የተኙት ዘጠኝ ሕመምተኞች ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

"ዛሬስ እግሬ ምን ይላል?" አለች ጌጤነሽ ከአልጋዋ።

"ዝም ብሏል።"

"ተመስገን። ትናንት እንደ አማት ሲነዘንዘኝ ነው የዋለው።"

ጌጤነሽ የነፋስ ማማ መካኒክ ናት። ከጣና ማዶ፣ ከአንዱ ማማ ሥር ቆማ ገመድ ስትስብ ከላይ የተፈታ ማርሽ ወረደባትና ሆዷን ገጭቶ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ጨፈለቀው። ሦስት ቀኑ ነው። እግሩ እስካሁን ከእሷ ጋር ያለው በቀለበቶቹ ምክንያት ነው።

ቀለበት የሚሉት መሣሪያ ከሽንኩርት ልጣጭ የማይወፍር ለስላሳ ጥብጣብ ነው። ደም ከልብ በሚሄድባቸውና ወደ ልብ በሚመለስባቸው ቧንቧዎች ላይ ይጠመጠማል፤ ሲያስፈልግ ይጨብጣል፣ ሲያስፈልግ ይለቃል። እየጨበጠም ይዳስሳል፤ የደሙን ፍጥነት፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ የሟሟበትን ጨው ሳይቀር። ክፉኛ የተጎዳ ሰው አሥራ ሁለት ይደረግለታል። አሥራ ሁለቱ በየሰከንዱ እየተማከሩ ያለውን ደም ይከፋፈላሉ፤ ስለዚህ የሆስፒታሉ ሰዎች "ማኅበር" ይሏቸዋል። የትርንጎ ሥራ የማኅበሩን ጠባይ መከታተል ነው። ሐኪም አይደለችም፤ የፍሰት መሐንዲስ ናት።

"አንቺ ሰው ስታዪ ቧንቧ ነው የሚታይሽ ይላሉ" አለች ጌጤነሽ። "እውነት ነው?"

"ቧንቧ ይህን ያህል አያወራም።"

ጌጤነሽ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ፊቷ አመድ መሰለ።

በሰሌዳው ላይ የደሟ ግፊት ከመቶ አሥር ወደ ዘጠና፣ ከዘጠና ወደ ሰባ አምስት ወረደ። ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ትርንጎ "የሆነ ቦታ ይፈሳል" ትል ነበር። ሰውም ሲሆን ያው ነው።

ዶክተር ምሕረተአብ የሚሮጥ ሰው አይደለም፤ ዛሬ ሮጦ ገባ። የጌጤነሽን ሆድ በመዳፉ ተጫን አድርጎ ወዲያው አነሣ።

"ጣፊያዋ ነው። በማርሹ ተሰንጥቆ ኖሮ አሁን ለቀቀ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አውርዷት! ትርንጎ፣ እጅና እግሩን ዝጊልኝ። ያለው ደም ለልብና ለጭንቅላት ይቆይ።"

ትርንጎ አዘዘች። የእጆችና የእግሮች ቀለበቶች ጨበጡ፤ ግፊቱ ሰማንያ ላይ ቆመ። ስድስት ደቂቃ ያህል ታዘዙ። አልጋው ታች ወርዶ ማደንዘዣው ሲዘጋጅ ግን፣ በሰባተኛው ደቂቃ፣ የኩላሊት ቀለበት ጨበጠና የግራ እግር ቀለበት ላላ። ለሃምሳ ሰከንድ በዚያ በተጨፈለቀ እግር ውስጥ ደም አለፈ። ግፊቱ በአምስት ወረደ። ከዚያ እግሩ ተዘጋ፣ ኩላሊቱ ተከፈተ። ቀጥሎ ቀኝ እግር ወሰደ፣ አንጀት ጠበቀ። እንዲህ እያለ ይዞር ጀመር።

"ምንድን ነው የሚያደርጉት?" አለ ዶክተሩ፣ እጁን እየታጠበ።

"ተራ ገቡ።"

"ምን አልሽ?"

"ተራ ገብተዋል። እግሩን እያጠጡት ነው።"

"እኔ አዘዝኩ?"

"አላዘዙም።"

"አንቺስ አዘዝሽ?"

"አላዘዝኩም።"

"ታዲያ ማን አዘዘ?"

ትርንጎ የትእዛዞቹን ዝርዝር በሰሌዳው ላይ ፈለገች፤ ከእሷ ሌላ ያዘዘ አልነበረም። ለእሷ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

"ሆዷን ለመክፈት አሥር ደቂቃ ይቀረኛል" አለ ዶክተሩ። "እስከዚያ አስተካክዪ። ካልሆነ ገትሪያቸው።"

መገተር ማለት ቀለበቶቹን ባሉበት አድርቆ ማስቀረት ነው። ከተገተሩ በኋላ አይዳስሱም፣ አይማከሩም፤ መልሶ ለማንቃት ደግሞ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ጤነኛ እግር አንድ ሰዓት ደም ባያገኝ ይችለዋል። የተጨፈለቀ እግር አይችልም።

"እግሩስ?" አለች ትርንጎ።

"ከዚያ በኋላ እቆርጠዋለሁ። ትኖራለች።"

ማደንዘዣው ገና አልተሰጣትም ነበር። ጌጤነሽ ዓይኗን ገልጣ ትርንጎን ፈለገቻት፤ አገኘቻትም።

"መቶ ሃያ ሜትር መሰላል በአንድ እግር አይወጣም" አለች በደከመ ድምፅ። "ሌላ ሥራ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ከሁለት አንዱ ከሆነ ነፍሴን ምረጪ። ግን ሳታስቢ እንዳትመርጪ። አንቺ ችኩል ነሽ።"

ጭምብሉ አፏ ላይ ዋለ።

ትርንጎ ከመስታወቱ ማዶ ካለችው ጠባብ ክፍል ገብታ የማኅበሩን መዝገብ ከፈተች። ቀለበቶቹ የሚወስኑት እያንዳንዱ ነገር የወሰኑበት ሕግ ቁጥር ይጻፍበታል። የሰባተኛው ደቂቃ ውሳኔ አጠገብ "አርባ አንድ" ይላል። አርባ አንድን ፈልጋ አወጣችው።

"ግርጌው ሳይጠጣ ራስጌው ሁለቴ አይጠጣም። ምንጭ፦ ቀጨሞ ቦይ። አስረጂ፦ የውሃ ዳኛ እማዋይሽ ተገኘ።"

ፊቷ በአንዴ ጋለ። ይህን ሕግ እዚያ ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀለበቶቹ ደም የሚካፈሉበትን ሕግ እንድትጽፍ አራት ወር ተሰጥቷት ነበር። አራት ወር ለእሷ የቅጣት ያህል ነው። በግብርና ቤተ መዛግብት ውስጥ አንድ የድሮ ፕሮግራም አገኘች፤ ራሳቸው የሚከፈቱና የሚዘጉ የመስኖ በሮች፣ ገበሬዎች ውሃ እንዴት እንደሚካፈሉ ሦስት ዓመት አይተው የተማሩት ነው። ስድሳ ሕግ ነበረበት። "ውሃ ውሃ ነው" አለች፤ "በር" የሚለውን በ"ቀለበት"፣ "ማሳ" የሚለውን በ"ሥጋ" ተካችና በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰች። ሞከሩት፤ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ተጨበጨበላት። ከስድሳው ያነበበችው ሃያውን ነው።

አርባ አንድን ብቻ ነቅሎ ማውጣት አይሆንም፤ አብዛኞቹ ሕጎች እንደ ስፌት እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ወይ ትገትራቸዋለች፣ ወይ ትተዋቸዋለች። የቱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ሕጉ ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ አለባት። ከአስረጂዋ ስም ሥር የስልክ ቁጥር ነበር። ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ደወለች።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?" የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ግን አልተሰበረም።

"እማማ እማዋይሽ ነዎት? ከሆስፒታል ነው፣ አንድ ጥያቄ—"

"ከሆስፒታል? ማን ታመመ?"

"የእርስዎ ሰው አይደለም።"

"የእኔ ሰው ካልሆነ የማን ሰው ነው? ለመሆኑ እንዴት ዋልሽ?"

"ደህና። እማማ፣ ጊዜ የለኝም—"

"ጊዜ የሌለው ሰው ደህና አይደለም። ቤተሰብ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው እርስዎስ ደህና ነዎት ልጆቹ ጎረቤቱ በሬዎቹ ሁሉም ደህና ናቸው?" ትርንጎ በአንድ ትንፋሽ አራገፈችው።

"በሬ እንኳ የለኝም፤ ስለጠየቅሽ ግን እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጠይቂ።"

"በቀጨሞ ቦይ ውሃ ሲያንስ ግርጌው ማሳ ለምንድን ነው የሚጠጣው? ለምን አይዘጋም?"

የአሮጊቷ ድምፅ ጠነከረ።

"ማነው ልዝጋ ያለው?"

"ማንም። ማለቴ… ለጽድቅ ነው? ለድሃ ማዘን ነው?"

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። "ለጽድቅ! ለጽድቅ ብሎ ውሃ የሚለቅ ገበሬ የት አይተሻል? ልጄ፣ ግርጌው ሰብል እንዲጠግብ አይደለም። ቦዩ እንዲታጠብ ነው። ውሃ ሳያልፍበት የሰነበተ ቦይ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም፣ ደለሉም፣ የሞተ አይጡም እዚያ ይከማቻል። አንድ ቀን ውሃ በዛ ብለሽ ስትለቂበት ይደፈናል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ የራስጌውን ክትር ይዞት ይሄዳል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ስለዚህ ትንሽ ትንሽ—"

"ትንሽ ትንሽ፤ ጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል። ደግሞ ግርጌውም ባለጌ አይደለም፤ ራስጌው በጣም ሲጠማ እያየ ተራዬን ልጨርስ አይልም። ማነች የታመመችው ልጅ?"

"መልሼ እደውላለሁ" ብላ ትርንጎ ዘጋችው።

በቦይ የግርጌው ቆሻሻ ወደ ራስጌ አይመለስም። በሰው ግን ይመለሳል። ትርንጎ ከግራ እግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ንባብ አወጣች። የተጨፈለቀ ሥጋ ፖታሲየም የሚባል ጨው ያፈሳል፤ ሲጠራቀም ቆይቶ በአንዴ ልብ ላይ ከደረሰ ልብ ቀጥ ይላል። በተዘጋባቸው ደቂቃዎች ሁሉ የጨው መጠኑ ጨምሯል። አደገኛው መጠን ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀለበቱ ላልቷል፤ ልብ የሚችለውን ያህል ብቻ አሳልፎ መልሶ ጨብጧል። ሦስት ዙር፤ ሦስቱም እንደዚያ። ቀለበቶቹ ለእግሩ አላዘኑለትም፤ እያጠቡት ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚያገናኘውን ማይክሮፎን ተጫነች።

"ዶክተር፣ አልገትርም። አላበዱም። እግሩ እንዳይመርዛት በተራ እያጠቡት ነው።"

"ግፊቷ ስድሳ ስምንት ነው፣ ትርንጎ!"

"አያለሁ። ከሃምሳ በታች ከወረደ በዚያው ሰከንድ እገትራለሁ፤ እግሩንም ይቁረጡት። እስከዚያ ይተዉኝ።"

ዶክተሩ ከጭምብሉ በላይ በመስታወቱ አያት። ከዚህ በፊት "ይተዉኝ" ብላው አታውቅም፤ ሁልጊዜ "ጨርሻለሁ" ነው የምትለው።

"ጣትሽን ከመገተሪያው ቁልፍ ላይ እንዳታነሺ" አለና ጎንበስ አለ።

ሆዱ ሲከፈት ታምቆ የቆየው ደም ጎረፈ። ስድሳ ሁለት። የአንጀት ተራ ነበር፤ አንጀት ለቀቀ። ሃምሳ ስምንት። ከዚያ የግራ እግር ተራ ደረሰ። ሃምሳ አራት። ትርንጎ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ነው፤ ከሃምሳው ሰከንድ አሥራ ሁለቱ ሄዷል። ሃምሳ ሁለት። አስተዋለች፤ ቁልፉን ብትጫነው ማንም አይወቅሳትም። ጌጤነሽም ነፍሴን ምረጪ ብላለች። ሃምሳ አንድ።

የግራ እግር ቀለበት ሃያ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላው ራሱ ጨበጠ። ማንም አላዘዘውም። የቀረውን ተራውን ትቶ ለልብ አሳለፈ።

ሃምሳ አንድ። ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሦስት።

"ያዝኩት!" አለ ዶክተሩ። "የጣፊያውን ቧንቧ ያዝኩት። ደም ስጡኝ፣ ቶሎ!"

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የተሰነጠቀው ጣፊያ ሳህን ላይ ነበር፤ የእሱ ቀለበት አጠገቡ። ጌጤነሽ ትተነፍሳለች። እግሯ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አልጠቆረም።

ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ ወደ ጠባቧ ክፍል መጣ። ትርንጎ ሳትጠየቅ ሁሉንም ነገረችው፤ ቦዩን፣ ቤተ መዛግብቱን፣ አሥራ አንዱን ቀን።

"ስድሳ ሕግ" አለ። "ስንቱን አነበብሽ?"

"ሃያውን።"

"ሰው ውስጥ ስታስገቢው?"

ዶክተሩ አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

"እስከ ሰኞ አርባውን አንብበሽ ታመጪልኛለሽ። ምን እንደሚሠሩ ከነማስረጃው። እስከዚያ ቀለበት የሚባል ነገር ለአዲስ ሰው አይገባም።"

አነበበች። አብዛኞቹ ምንም ክፋት የላቸውም። ቅዳሜ ዕለት ግን በጌጤነሽ ሰሌዳ ላይ ሌላ ነገር አየች። ደሟ ገና ስላልሞላ ማኅበሩ አሁንም በተራ ላይ ነበር። በየዙሩ፣ ከአንጀት በኋላ ከግራ እግር በፊት፣ ሃምሳ ሰከንድ የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ጊዜ ማንም አይጨብጥም፣ ማንም አይላላም። ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ፤ ከዚያ ዙሩ ይቀጥላል። ጉዳት የለውም። ግን ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ሰኞም እየደረሰ ነው።

ደወለች። ዛሬ እንዴት ዋሉ አለች፤ ልጆቹን፣ ጎረቤቱን ጠየቀች፤ በሬዎቹን ተወች። ልጅቷ መትረፏን ነገረቻቸው። እማማ እማዋይሽ እልልታቸውን በስልክ ለቀቁት፤ ትርንጎ ጆሮዋን አራቀች። ከዚያ ስለ ባዶው ሃምሳ ሰከንድ አስረዳቻቸው።

"ማን ሞተ?" አሉ ወዲያው።

"ማንም አልሞተም። አልኩዎት እኮ፣ ድናለች።"

"ከማኅበርተኞቹ ማለቴ ነው።"

"ጣፊያዋ… ጣፊያዋ ወጥቷል።"

"እንግዲያ ተራውን እየጠበቁለት ነው። የሞተ ሰው ተራ አርባ ቀን አይነካም። ወራሾቹ ሳይስማሙ ጎረቤት ዘሎ ቢጠጣው በዚያ ቦይ ላይ ደም ይፈስ ነበር። ለዚህ ነው።"

ሕግ ሃያ አንድ። "የተዘጋ ቤት ተራ አርባ ቀን ይጠበቅለት።" ትናንት አንብባው ምንም ሳይመስላት ያለፈችው ነው።

"አሁንም ቦዩ ላይ እንደዚህ ነው የምታደርጉት?" አለች፣ ለማስረጃው ብላ።

"የቱ ቦይ?"

"ቀጨሞ።"

"ቀጨሞማ ከደረቀ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጄ" አሉ እማማ እማዋይሽ። "ራስጌዎቹ ፓምፕ አስገቡ። በሮቹን የሠሩትን ልጆች ጠርተው ያንን የግርጌ ሕግ አስወጡት፤ ያረጀ ነው ብለው። ግርጌው እኛ ነበርን። ደረቅን። ለቦይ ጠረጋ የሚወጣ ሰው ጠፋ። በሦስተኛው ክረምት ክትሩ ተደረመሰ፤ የራስጌውንም ማሳ ይዞት ሄደ። በዓይኔ አይቻለሁ አላልኩሽም? አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ልጄ ቤት ነኝ፤ አራተኛ ፎቅ። ውሃው ከግድግዳ ይመጣል፤ ከማን ተራ እንደሚመጣ አላውቅም።"

ትርንጎ አሁን ገባት፤ ከቤተ መዛግብት ያወጣችው ያኔ ሳይሰረዝ የቀረውን አሮጌ ቅጂ ነበር።

"የእኛ ሕግ በዚያች ልጅ ውስጥ ብቻ ነው ያለው?" አሉ አሮጊቷ።

"አይደለም። ቀለበት ያላቸው ሁሉ አላቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው።"

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት!" ለራሳቸው ደገሙት። "እኛ ዘጠና አባወራ ነበርን። ሳይጣሉ ይካፈላሉ?"

"ሳይጣሉ።"

"ራስጌውም ግርጌውም?"

"ልብም ሳይቀር ይጠብቃል።"



"እንግዲያ ሥጋችን ከእኛ ይሻላል" አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ኀዘንም ደስታም አልነበረበትም፤ የውሃ ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። "በይ ደህና ዋይ። ልጅቷን እግዜር ይማርሽ በይልኝ።"

ትርንጎ ከጌጤነሽ አልጋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ የሰኞውን ዘገባ ጀመረች። ሕግ ሃያ አንድ እንደ አርባ አንድ ከሌሎቹ ጋር ስላልተያያዘ ለይቶ ማጥፋት እንደሚቻል አይታለች፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። "ጉዳት የለውም። እስከ አርባ ቀን አይነካ" ብላ ጻፈች።

"የግራ እግሬን ጣቶች ቆጠርኳቸው" አለች ጌጤነሽ። "ሁለት ጎደሉ።"

"የተቆረጡት ትንንሾቹ ናቸው። የቀሩት ሞቀዋል።"

"በሦስት ጣት መሰላል ይወጣል?"

"አላውቅም። ሞክረሽ ትነግሪኛለሽ።"

"‘አላውቅም’ ማለት ከመቼ ወዲህ ጀመርሽ?" ጌጤነሽ አንገቷን አቃንታ ሰሌዳውን ለማየት ሞከረች። "ምን ላይ ነው ያፈጠጥሽው?"

"ባዶ ተራ ላይ። የጣፊያሽን እየጠበቁለት ነው።"

"ስንት ይቆያል?"

"ሃምሳ ሰከንድ።"

"ለአንቺ ብዙ ነው።"

"ብዙ ነው" አለች ትርንጎ፤ ጠበቀች።